አሳባቂው የሻንጣ ታግ

በእኛ አገር መንገደኛን «ወዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ሰላምታ ነው፤ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ግን ሞኝነት ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነስቶ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው «እንዲያው እዚህ ድረስ» ይላል። ቡሬ ገበያ በሬ ሊሸጥ የሚሄድ ሰው፣ በሬውን ከፊቱ እየነዳ፣ «ምን እባክህ፣ ዘመድ ልጠይቅ ብዬ ነው» ይላል። ጠያቂውም በሬውን ከቀንዱ እስከ ጭራው ካየ በኋላ «በል በሰላም ግባ፣ ዘመዶችህን ሰላም በልልኝ» ብሎ ይሸኘዋል። ሁለቱም ተግባብተዋል፤ ማንም ማንንም አልዋሸም። እኔ ከዚህ ሕዝብ ተወልጄ፣ የመንገደኛን ስምና መድረሻ በትልልቅ ፊደል የሚያሳይ ዕቃ ስሠራ መክረሜን ሳስበው በራሴ እናደዳለሁ።

ቡሬ ኤሌክትሮኒክስ አስተምራለሁ። ከማስተማሩ በሚተርፈኝ ጊዜ፣ አዲስ አበባ ካለ አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ሆነን ለአውሮፕላን መንገደኛ የሚሆን የሻንጣ ታግ እንሠራለን። አውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ያውቀዋል፤ ሻንጣ ሲያስረክቡ እጀታው ላይ ረጅም ወረቀት ይለጠፍበታል፤ ሲደርሱ ተቀዶ ይጣላል። የእኛው ግን አይጣልም። መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ነገር ሲሆን ፊቱ ላይ ትንሽ ስክሪን አለው። መንገደኛው በረራውን ከስልኩ ይልክለታል፤ ስምና መድረሻ ብቅ ይላል። ባትሪ የለውም። ስልክ ሲጠጋው ከስልኩ ጉልበት ተበድሮ ጽሑፉን ይቀይራል፤ ስልኩ ዞር ቢልም ጽሑፉ እዚያው ይቀራል። በሚቀጥለው ጉዞ ሌላ ይጻፍበታል። ጓደኛዬ ፕሮግራሙን ይጽፋል፤ እኔ አካሉን፣ አንጀቱንና ማንጠልጠያውን እሠራለሁ። ይህንኑ ለእናቴ ባስረዳት «ታዲያ ሻንጣው አፍ አውጥቶ ይናገራል?» አለችኝ። «አይናገርም፤ ያሳያል» አልኳት። «ያው ነው» አለችኝ።

አውሮፕላን ማረፊያ ደጃችን ላይ የለምና መሞከሪያዬ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሚኒባስ ጣሪያ ነበር። ከዚያ ጣሪያ የተረፈ ዕቃ ከየትኛውም አውሮፕላን ይተርፋል ብዬ ነው። ዝናብ አለ፣ አቧራ አለ፣ ከላይ የሚወረወር ኩንታል አለ፣ እግሩን የታሰረ በግ አለ። የመጀመሪያውን ታግ ማንጠልጠያ በግ በላው። ማንጠልጠያውን ከቀየርኩ በኋላ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ አስፈቅጄ ስማቸውንና «ቡሬ» የሚለውን ጻፍኩና የጤፍ ከረጢታቸው ላይ አሰርኩት። ከረጢቱ ወደ ጣሪያ ሲወጣ ተሳፋሪው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አነበበ። አንዱማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው ያነበበው። ሴትዮዋ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ሳቡና ቡሬ እስክንደርስ ቃል አልወጣቸውም።

ስንወርድ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ወደ ቡሬ እንደምሄድ ንገሪልኝ ብዬሽ ነበር?»

«እማማ፣ ሚኒባሱ እኮ የቡሬ ነው። ውስጡ ያለው ሰው በሙሉ ቡሬ ነው የሚሄደው።»

«እሱ በየራሱ ጉዳይ ነው የሚሄደው። እኔን ግን በስሜ ጠርተሽ አስለፈፍሽኝ» አሉና ከረጢታቸውን አሸክመው ሄዱ። ማታ ለጓደኛዬ «ስክሪኑ ከሩቅ ይነበባል!» ብዬ ጻፍኩለት። የሴትዮዋን ነገር አላነሳሁለትም።

ከዚያ እህቴ አረገዘች። እህቴ ከባሏ ጋር ጅግጅጋ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ በአካባቢው አንድም የሥጋ ዘመድ የላትም። «እማዬ ካልመጣች አልወልድም» ብላ ደወለች፤ በእሷ ፈቃድ የሚሆን ይመስል። እናታችን ማንኩሳ አቅራቢያ ገጠር ናት፤ በዕድሜዋ ከባሕር ዳር አልፋ አታውቅም፤ ቢሆንም ለአንድ አፍታ አላመነታችም። ቀይ ሻንጣ ተገዛላት። ውስጡን ንጥር ቅቤ፣ እንስራ የሚያክል የነጭ ማር ጀሪካን፣ የገብስ ገንፎ ዱቄት፣ አብሽና በርበሬ ሞላችው። የራሷን ልብስ በትከሻዋ በምትይዛት ትንሽ ቦርሳ ጠቀጠቀች። አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባማ። እኔም ደስ አለኝ። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን ቀይሮ ጅግጅጋ፣ ያውም አውሮፕላን አይታ የማታውቅ ተሳፋሪ! ከዚህ የተሻለ ፈተና ከየት ይመጣል?

ታጉን እጀታው ላይ ሳስር አየችኝ።

«ስሜን ከነመድረሻዬ፣ ላላፊ አግዳሚው?»

«እማዬ፣ ሻንጣሽ እንዳይጠፋ ነው።»

«ሻንጣዬን እኔ አውቃታለሁ። አይበቃም?»

«አንቺ ታውቂያታለሽ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች አያውቋትም።»

«እነሱ ምን ቤት ናቸውና ያውቋታል?» ቁጣዋ ሲመጣ ድምፅዋ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። «ነፍሰ ጡር ልጄ ገና ሳትገላገል መንገዴን ላስለፍፍ? ዓይን አለ፣ ልጄ። ሰው ወዴት ነው ቢለኝ፣ እዚህ ታች ድረስ ነው የምል። ይህ አሳዳጊ የበደለው ዕቃ ግን ሳይጠይቁት ይለፈልፋል። አሳባቂሽን ከዚያ አንሺልኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የታጉ ስም «አሳባቂው» ሆነ። አስረዳኋት፣ ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፤ እናቴ ጋር ሁሉም አንድ ነው። በመጨረሻ ሲሰለቸኝ «እሺ፣ አንቺው ንገሪኝ፤ ምን ይጻፍልሽ?» አልኳት።

«መንገደኛ ሲመሽበት ከሰው ደጅ ቆሞ ምን ይላል? ስሙን አይናገርም። አገሩን አይናገርም። የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነው የሚል። እንዲያ ብሎ ደጅ ያደረ ሰው አላየሁም። እሱን ጻፊ፤ ሸጋ ነው።»

እኔም የበረራ ቁጥርና የከተማ ስም እንዲያሳይ የሠራሁት ስክሪን ላይ «የመሸባት የእግዜር እንግዳ ናት። አሳድሯት።» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ለመጻፍ ቦታ አልቀረም። ስሟን፣ በረራዋንና የእህቴን ስልክ ቁጥር ግን ከዚሁ ቃል ጋር ከስክሪኑ ጀርባ ባለው ቺፕ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ስልኩን አስጠግቶ የጠየቀ ሰው ብቻ ነው የሚያያቸው። ይህንን ለእናቴ አልነገርኳትም። ብነግራት ክርክሩ ሀ ተብሎ ይጀመር ነበር።

አንድ ነገር ቀረ፤ ማንጠልጠያው። በግ የማይበላው ጠንካራ የቆዳ ማንጠልጠያ ፈለግሁ። ፍኖተ ሰላም ገበያ የቢላዋ ሰገባ፣ የበቅሎ ልጓምና የክታብ ማኅደር የሚሰፋ ቆዳ ሰፊ አለ። እኔ ክፍል ስለነበረኝ እናቴ በገበያ ቀን ወስዳ እንድታሰፋው ሰጠኋት። «ማንጠልጠያ ብቻ» አልኳት። «ማንጠልጠያ ብቻ» አለች።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፍቷል ሲባል፣ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት በኋላ ከፍኖተ ሰላም በባጃጅ እናቴ ቤት ደረስኩ። የንስሐ አባቷ ለመንገዷ ጸሎት ሊያደርሱላት መጥተዋል። ነገር ግን ጸሎቱ ቆሟል፤ አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ሻንጣዋን ቁልቁል እያዩ ነው። እኔም አየሁ። ታጉ የለም። በታጉ ቦታ፣ ዙሪያውን በሰም በተነከረ ክር የተሰፋ፣ ወፍራም፣ ቀይ፣ ያለ ጥርጥር ክታብ ተንጠልጥሏል።

«ስክሪኑስ?» አልኩ።

«ውስጥ አለ። የት ይሄዳል?» አለች እናቴ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰፊው ዕቃውን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ ሲያየው ጽሑፍ አለበት። ዕድሜውን ሙሉ የሚንጠለጠል ጽሑፍ ሲመጣለት ዙሪያውን ሰፍቶ ሲዘጋ የኖረ ሰው ነው። ፊቱን ክፍት ትቶ መስፋት ለእሱ መቀመጫው የተቀደደ ሱሪ ሰፍቶ እንደመስጠት ነው። እናቴም ማንጠልጠያ ብቻ አላለችውም። እንዲያውም ሥራውን አይታ መርቃው ነው የመጣች።

«አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና ክታብ ጀመርሽ?» አሉ አባ።

«ኧረ አባቴ፣ ክታብ አይደለም! ልጄ ናት የጻፈችልኝ።»

አባ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ያውቁኛል፤ እንዲህ ግን አይተውኝ አያውቁም።

«ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ይህን እንድትማሪ ነው?»

«አባ፣ ኤሌክትሮኒክስ ነው። ለአውሮፕላን ነው።»

«ምን ይላል ጽሑፉ?»

«የመሸባት የእግዜር እንግዳ ናት ይላል።»

«ይህስ ደግ ቃል ነው። ታዲያ ደግ ቃል ስለምን ተሰፍቶ ይደበቃል?» አሉ። ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። እናቴ መሬት መሬት ታያለች። ምላጭ ላመጣ ስነሳ ግን ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠችበት፤ የገባው ቅቤ ባይረጋ ኖሮ በዚያ ሰዓት ያልቅለት ነበር። ሌላ ታግ አልያዝኩም፤ በበነጋው ገና ጎሕ ሲቀድ መነሳት አለብን። አባ ካሳረጉና ከሄዱ በኋላ እናቴ ጓዳ ስትገባ ስልኬን አውጥቼ ሞከርኩት። ቆዳው ድርብ ነው፤ ከፊት በኩል ምንም የለም። ከጀርባው ጫን ሲሉት ብቻ፣ ያውም በግድ፣ ሰማ። ከዚህ በላይ መከራከር አልቻልኩም።

ባሕር ዳር ስንደርስ ስልክ ተደወለ፤ እህቴ ሌሊቱን ወንድ ልጅ ተገላግላለች። እናቴ እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ዙሪያዋን አየች፤ ሰው ስለበዛ መልሳ ዘጋችው። ሻንጣ ማስረከቢያው ጋ ደግሞ የባሰ ገጠማት። ሠራተኛዋ በትሕትና ረጅሙን ወረቀት አትማ እጀታው ላይ ለጠፈችና «እናቴ፣ ጅግጅጋ ነዎት አይደል?» አለቻት፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ እንዲሰማ። እናቴ የተሰረቀ ዕቃ እንደተገኘባት ሰው ደነገጠች። «እንዲያው ጠበቅ ላድርጋት» ብላ አስፈቅዳ ከመቀነቷ ሰፊ ቁራጭ ቀደደችና እጀታው ላይ ጠምጥማ ጠምጥማ አሰረች። እኔ እጀታውን ያጠናከረች መስሎኝ ነበር። ሠራተኛዋም ሌላ መንገደኛ እያስተናገደች ነበር። ቀይዋ ሻንጣ ተንሸራታ መጋረጃው ውስጥ ገባች፤ እናቴም በእጇ አማተበችባት።

ማታ እህቴ ደወለች። የደስታ ስልክ መስሎኝ ነበር።

«እታለም፣ እናትሽ መጥታለች፤ ሻንጣዋ ግን የለችም።»

«ትመጣለች፣ አይዟችሁ። እማዬ ምን ሆነች?»

«ሳሎን ተቀምጣለች። ባዶ እጄን አራስ አላይም ብላ እኔ ያለሁበት ክፍል አልገባም አለች። በግድግዳ ነው የምናወራው። ልጁን ላሳይሽ ስላት ዓይኗን ጨፈነች።» እህቴ እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ሳጓ መጣ። «የራሴ እናት መጥታ ልጄን አላየችልኝም።»

እናቴን አቅርቢልኝ አልኳት። እናቴ የመቀነቱን ነገር ያኔ ነገረችኝ። «ያችኛይቱ ወረቀትማ ካንቺው አሳባቂ የባሰች ናት። ሸፈንኳት እንጂ ምን አደረግሁ?» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «ልጄ ወልዳ እንደ ለማኝ እጄን አወዛውዤ ገባሁ። ቅቤው ቀረ። ገንፎው ቀረ። ምን ይዤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልበላት?» ልቆጣት ያዘጋጀሁት ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

በበነጋው ቡሬ ሆኜ ስልክ ስቀጠቅጥ ዋልኩ። የእኛ ሰፈር ወሬ ደግሞ ቀድሞኝ ገብቷል። አንዲት የማንኩሳ ሴት የማስተምርበትን ግቢ በር አስከፍታ መጣችና፣ ላሟ ወተት አልለቅ ስላለቻት «እናትሽ የጻፍሽላትን ዓይነት» አንድ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ኤሌክትሮኒክስ ነው አልኳት። «እሱም ይሁን» አለች።

ከብዙ ሙከራ በኋላ አዲስ አበባ የጠፉ ሻንጣዎች የሚቀመጡበት ክፍል የሚሠራ አንድ ሰው አነሳ።

«ሻንጣ ጠፍቶብን ነው። ቀይ ነች፤ እጀታዋ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል።»

«ቀይ ብዙ አለ፣ እህቴ። የታጉን ቁጥር ይንገሩኝ።»

«ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ እናቴ ጥላዋለች፤ ወረቀቱንም ጨርቁ ሸፍኖታል። እጀታው ላይ ግን…» እንዴት ልበለው? «እጀታው ላይ ክታብ የሚመስል ነገር አለ።»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ያችኛዋ የእርስዎ ናት?» አለኝ። «ከትናንት ጀምራ ጥግ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ማንም አልነካትም።»

«ለምን?»

«እንዴት ለምን ይላሉ? ክታብ አላት እኮ! ጨርቁም ከክታቡ ጋር አብሮ ነው የታሰረው። እኔ የሰው ክታብ አልፈታም።»

«ክታብ አይደለም፣ ወንድሜ፤ የሻንጣ ታግ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት። መፍታት አያስፈልግም። የእጅ ስልክዎን ጀርባው ላይ ጫን ያድርጉት፤ የባለቤቷን ስም ይነግርዎታል።»

«ስልኬን? ስልኬ ውስጥ እኮ የልጆቼ ፎቶ ነው ያለው!»

ምድር ጠበበችኝ። የምህንድስናውን ነገር ትቼ እውነቱን ነገርኩት። «እናቴ ለአራስ የያዘችው ገንፎ እዚያ ውስጥ ነው። ባዶ እጄን አልገባም ብላ ከአራሷ ክፍል በር ላይ ተቀምጣለች። የልጅ ልጇን እስካሁን አላየችውም።»

«የኔዋም እናት እንዲያ ናት» አለ። ቀጥሎ ፊቱን ከስልኩ መልሶ «አንተ፣ እስቲ ያንተን ስልክ አምጣ» ሲል ሰማሁት። ሌላው ሰው ለምን የኔ ይሆናል ብሎ ተከራከረ፤ ተሸነፈ። «በስመ አብ ወወልድ… ጫን አድርጌዋለሁ። ጭጭ ነው።»

«በጀርባው በኩል።»

«ክታብ ጀርባ አለው?»

«ስፌቱ በዛ ያለበት በኩል። ጠንከር ያድርጉት።»

ጢጥ የሚል ድምፅ በስልኩ ውስጥ መጣልኝ። ከበስተኋላ አንዱ «ተናገረ!» ብሎ ጮኸ፤ ወንበርም ወደቀ። የእኔው ሰውዬ ግን ሳይንቀሳቀስ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ልጅ እያንዳንዷን ቃል እየረገጠ አነበበ። «የመሸባት… የእግዜር… እንግዳ ናት። አሳድሯት።» ቀጥሎ የእናቴን ስም፣ ጅግጅጋን፣ የእህቴን ስልክ።

«እናትዎ ናቸው ይህን ያስጻፉት?»

«አዎ።»

«አሳድረናታል እኮ» አለኝ። ቁጣውም ፍርሃቱም ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። «ዛሬ አልደረሰችም እንጂ ነገ በጠዋቱ በረራ ትሄዳለች። እኔ ራሴ ነኝ የምጭናት።»

ሻንጣዋም እንዳለው ሄደች። አሁን የምንሠራው ታግ ፊቱ ባዶ ነው፤ ስልክ አስጠግቶ ያልጠየቀው ሰው ምንም አያይበትም። ጓደኛዬ ለዚህ ጠባዩ ረጅም የእንግሊዝኛ ስም አውጥቶለታል፤ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁን ግን እኔ የማስታውሰው በዚያ ሰሞን እናቴ የደወለችልኝን ስልክ ነው። ከበስተኋላዋ ሕፃን ያለቅሳል። እሷ በግድግዳ ሳይሆን አልጋው ላይ ተቀምጣ ነው የምታወራኝ። ገንፎው እንዴት እንደተበላ፣ ልጁ አባቴን እንዴት እንደሚመስል፣ ማሩ ጠብታ እንዳልፈሰሰ ነገረችኝ። ከዚያ ቀዝቀዝ አለች።

«አሳባቂሽ ተናገረ አሉ። ያ ሰውዬ ደውሎ ለእህትሽ አጫወታት። ስሜን ሁሉ አውጥቷል።»

ለቁጣዋ ተዘጋጀሁ። «አዎ፣ እማዬ። ግን ዝም ብሎ አይደለም። ቀርበው ሲጠይቁት ብቻ ነው የሚናገር።»

«ያ ሁሉ ሰው ባጠገቡ ሲያልፍስ?»

«ዝም ብሏል።»

«ሌሊቱንስ?»

«ዝም።»

ሕፃኑን እሽሽ ስትለው ሰማሁ። ረጅም ጊዜ እሽሽ አለችው።

«እንዲያ ከሆነማ» አለች፣ «አሳዳጊ አልበደለውም።»